ከጠረጴዛው የማይነሳው ላፕቶፕ

አባቴ ትልቁን ላፕቶፕ ገዛ፤ እናቴም ቤት ቀረች። የተበላሸው ነገር ሲያጥር ይኸው ነው። ይህን ስናገር ሰዎች ቀጥዬ «ጥላን ሄደች» የምል ይመስላቸውና ፊታቸውን ለሐዘን ያዘጋጃሉ። አልሄደችም። የትም አልሄደችም። እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁሉንም አይቻለሁ፣ አብዛኛውንም ሰምቻለሁ፣ የገባኝ ግን ምንም አልነበረም። አባቴ ለእናቴ ትልቅ ስጦታ የሰጠ፣ እናቴ በደስታ ያለቀሰች፣ አክስቴ ደግሞ በቅናት የከሰለች ይመስለኝ ነበር። ለዓመታት ታሪኩን ለጓደኞቼ ያወራሁት በዚሁ መልኩ ነው።

እናቴ ታይፒስት ነበረች። ማመልከቻ፣ ውልና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በሚተየብበት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጣ ትውላለች። ስትተይብ እጇን አታይም። የምታየው ደንበኛውን ነው፤ እሷ ከሰውየው ጋር እያወራች፣ ያዘበራረቀውን ዓረፍተ ነገር እያቃናችለት፣ ጣቶቿ የሌላ ሰው ይመስል ለብቻቸው ይሮጣሉ። አባቴ አናጺ ነው። ወርክሾፑ ከኩሽናችን በር ፊት ለፊት ስለነበረ ሰጋቱራ ምሳችን ላይ የማይገኝበት ቀን አልነበረም። በሙያው የሚታማ ሰው አይደለም። የሠራው ወንበር አይነቃነቅም፣ የገጠመው መደርደሪያ አይዘምም፤ አንዴ ያስቀመጠው ነገር ካስቀመጠበት ንቅንቅ አይልም።

አንድ ምሽት ራት ላይ እናቴ ከቦርሳዋ ማስታወቂያ አውጥታ አነበበችልን። ተዘዋዋሪ ችሎት የምስክሮችን ቃል የሚጽፍ ሠራተኛ ይፈልጋል። ችሎቱ ዳኛ በሌለባቸው ትንንሽ ከተሞች ይዞራል፤ ከወሩ አንዱ ሳምንት መንገድ ላይ፣ የቀረው እዚሁ ነው። ለፈተና የሚቀርብ ሰው የራሱን ኮምፒውተር ይዞ ይምጣ፤ በሚኬድበት ሁሉ ጠረጴዛ ላይገኝ ይችላል፣ መብራትም አይታመንም። ይቺን የመጨረሻዋን እናቴ ደግማ አነበበቻት።

«ጠረጴዛ የሌለው ፍርድ ቤት» አለ አባቴና ሳቀ። የአናጺ ልጅ ነኝና አብሬው ሳቅኩ።

እናቴ ወረቀቱን አጣጥፋ ትንሽ፣ ቀላልና ባትሪዋ የሚቆይ ላፕቶፕ እንደሚያስፈልጋት ነገረችው። አባቴ ሳህኑን እያየ እሺ አለ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። የእናቴ ታናሽ የሆነችው አክስቴ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ከየሱቁ ደጃፍ የማስታወቂያ ወረቀት እየሰበሰበች ታመጣና ኩሽና ውስጥ ትዘረጋዋለች፤ ከዚያ እህትማማቾቹ ራስ ለራስ ገጥመው ስለ ኢንች ያወራሉ። እናቴ ወረቀቶቹ ላይ በተጻፈው ልክ ከጫማ ካርቶን ላፕቶፖች ቆረጠች። የፊደል ቁልፎቹን ሳይቀር በእርሳስ አሰመረችባቸው። ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሬዲዮውን ዜና እየሰማች ካርቶን ላይ ትተይባለች። ከሁሉ ባነሰችው ላይ ቁልፎቹ ስለተጠጋጉ ትንሿ ጣቷ ከዳር እየወደቀች አስቸገረቻት። «ይቺ ለመታየት እንጂ ለሥራ አይደለችም» ብላ ጣለቻት። ትልቁ ደግሞ ከጭኗ ተርፎ ሲወዛወዝ አክስቴ «ይሄማ ትሪ ነው፣ ምሳ አቅርቢበት» አለቻት። መሀከለኛዋ፣ አሥራ አንድ ኢንቿ፣ ተመቻችታ ተቀመጠች። እናቴ እሷን ከአንድ ኪሎ ስኳር ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቦርሳውን አንጠልጥላ ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና ሳሎን ተመላለሰች። ከአውቶቡስ አውቶቡስ ስትዘል ትከሻዋን የማያጎብጣት መሆን አለመሆኑን እየፈተሸች ነበር።

እኔ ጨዋታ መስሎኛል። ካርቶኗ ለእኔ የተሠራች መጫወቻ መስላኝ ስክሪኗ ላይ ድመት ሳልኩባት። እናቴ አልተቆጣችም። ከድመቷ ሥር መተየቧን ቀጠለች።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሱቅ ሄድን። ሻጩን ጊጋ ይሉታል፤ ምን ቢጠየቅ መልሱ በጊጋ ስለሆነ ነው። ሱቁ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። እናቴ ካርቶን ላይ የለካቻትን ዓይነት፣ ግራጫ ላፕቶፕ ከመስኮቱ አስወርዳ ያዘች። በአንድ እጇ ከጥጓ አንጠልጥላ አነሳቻት፤ አልተጣመመችም። ክዳኗን በአንድ ጣት ከፈተችና ስክሪኗን ነካ አደረገቻት፤ ማጠፊያዋ ጠበቅ ያለ ስለነበር አልተወዛወዘችም። ወደ ብርሃኑ አዞረቻት፤ ስክሪኗ የማያብለጨልጭ ዓይነት ነው፣ የእናቴ ፊት አልታየባትም። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና መተየብ ጀመረች። የምታዳምጠው የቁልፎቹን ድምፅ ነበር። ምስክር እያለቀሰ አጠገቡ ቀጭ ቀጭ ማለት ነውር ነው አለች።

«በባትሪ ብቻ ስንት ሰዓት ትቆያለች?» ብላ ጠየቀችው።

«ሦስት መቶ ሃያ ጊጋ ናት፣ እህቴ።»

«ሰዓቱን ነው የጠየቅኩህ።»

«ሰዓትም አላት። እዚች ጥግ ላይ ታሳያለች።»

እናቴ ትታው የሳጥኑን ጽሑፍ ራሷ ማንበብ ያዘች፤ ያነበበችው ሳያስደስታት አልቀረም፣ ተመልሳ ዓይኗን ጨፍና ተየበች። አባቴ በዚህ መሀል መደርደሪያውን እየዞረ ክዳን ክዳናቸውን በመዳፉ ይዳስስ ነበር፤ እንጨት ሲገዛም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ወደ ጊጋ ጠጋ አለና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ከሁሉም የሚከብደው የትኛው ነው?» አለው።

ጊጋ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አባቴ ቀልደኛ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ቀልድ የሞከረ መሰለኝ። ጊጋ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ አሥራ ሰባት ኢንች የሆነ ጥቁር ማሽን በሁለት እጁ አቅፎ አወጣ። የሲዲ ማጫወቻ አለው፣ የቁጥር ቁልፎቹ ለብቻቸው ናቸው፣ ክዳኑ እንደ መስታወት ያበራል። አባቴ ስለ ባትሪው ሲጠይቀው፣ ይሄ ከቤት ስለማይወጣ ባትሪ ምን ያደርግለታል፣ ሶኬት ላይ ሰክቶ መርሳት ነው አለው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ አልሰማችም።

አባቴ አልቀለደም ነበር። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገኝም ነበር፤ የገባኝ ግን ያኔ ነው፣ እኔው ራሴ ላፕቶፕ ልመርጥ ቆሜ ክብደታቸውን ሳነጻጽር። ሰው ሁሉ የሚቀለውን ይጠይቃል። የሚከብደውን የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው።

ግራጫዋ ተመረጠች። የእናቴ ደመወዝ እስኪወጣ ትቆይና ዓርብ አባቴ ሄዶ ያመጣታል ተባለ። እሷ ከሥራ ስትወጣ ሱቁ ይዘጋል፤ ፈተናው ደግሞ ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

በዚያ ሳምንት አባቴ ወርክሾፑን ከውስጥ ቆልፎ ይሠራ ጀመር። እንዳልገባ ከለከለኝ። በሳንቃው ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ ጠረጴዛ ነው። ያላየሁት ዓይነት ጠረጴዛ ነበር፤ መሀሉን በመሮ እየፈለፈለ ያጎደጉደዋል፣ በየመሀሉ ትንፋሹን ይዞ ይለካል፣ ትንሽ ይልግና ደግሞ ይለካል። ለእናቴ መሆኑን ገመትኩ። ለብዙ ዓመት ስለ ፍቅር የማውቀው በዚያ ስንጥቅ ያየሁትን ነው፤ ሰው ለሚስቱ በሩን ዘግቶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ አንድ ነገር በልኳ ሲሠራ።

በልኳ አልነበረም። አንድን ማሽን እንዲገባበት እንጨት የሚፈለፍል ሰው ማሽኑን አጠገቡ አስቀምጦ መሆን አለበት። ስለዚህ ትልቁ ላፕቶፕ፣ ከጊጋ በዱቤ ወጥቶ፣ ያን ሳምንት ሙሉ እዚያው ከእኛ ኩሽና ፊት ለፊት፣ ሰጋቱራ እየለበሰ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ኩሽና ውስጥ ካርቶኗ ላይ ልምምዷን አላቋረጠችም።

ጠረጴዛው የገባው እሁድ ጠዋት ነው። አባቴና አንድ ጎረቤት ተሸክመው ሳሎን መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። ቫርኒሹ ገና ይሸታል። ጥቁሩ ማሽን መሀሉ ላይ በተፈለፈለው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ከእንጨቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ እጅ ቢሄድበት መጋጠሚያው አይታወቅም። ገመዱ በእንጨቱ ቀዳዳ አልፎ፣ በእግሩ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ፣ ከግድግዳው ሶኬት ተሰክቷል።

እናቴ ገና ፀጉሯን አላበጠረችም። ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው።

«እጅህ ይባረክ» አለች። ቆየችና፣ «ግራጫዋስ?»

«አልቃለች አለኝ። ይሄ ደግሞ ይሻላል። ስክሪኑን እዪው እስቲ፣ ዓይንሽ ያርፋል።»

«ይነሳል?»

«ምን ሊያደርግ ይነሳል? እንደ ጥርስ ነው የገባው።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋ አላቆም አላት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ከዚያ በፊት ሰው በደስታ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ትኩር ብዬ አየኋት። አባቴ አብሯት ሊስቅ ሞከረና ተወው።

ማሽኑ ሲከፈት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያገሳል፤ ጎድጓዳው አየር ስላሳጣው ነው። አባቴ ከሥሩ ቀዳዳ በሳለት። ጎረቤቶች እየመጡ ጠረጴዛውን አደነቁ። አንዷ ባሏን ይዛ መጥታ፣ አየህ አይደል፣ የሰው ባል ማለት ይሄ ነው አለችው። እናቴ ሁሉንም ተቀብላ ሸኘች። ሰው ሁሉ አጨብጭቦለት ሲያበቃ ምን ትበል? እጄን አሰርከኝ ብትል ማን ይሰማታል? እኔ ራሴ አልሰማትም ነበር።

ማክሰኞ አክስቴ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ መጣች። ኩሽና ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። አክስቴ አውቶቡሷ በየቀኑ በዚያ ሱቅ በኩል እንደሚያልፍ፣ ግራጫዋ ዛሬም መስኮቱ ላይ እንዳለች፣ ትናንትም እንደነበረች ተናገረች። ባልሽን ዓይኑን አይቼ ልጠይቀው አለች። እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ተይው አለቻት። ብሩ ወጥቷል፣ ጊጋ የሸጠውን አይመልስም፣ ፈተናው ደርሷል። ፍጥነቴ ያሳልፈኛል አለች። አክስቴ ወጥታ ጠረጴዛውን ስታየው አፍንጫዋን ነፋች። ቀናች አልኩ በሆዴ። የእሷ ባል ጠረጴዛ ሠርቶላት አያውቅማ።

የፈተናው ቀን ትምህርት ስላልነበረ እናቴ ይዛኝ ሄደች። ማሽኑን ከጎድጓዳው ያወጣው አባቴ ነው፤ በጠፍጣፋ መሮ፣ ከአራቱም ጎን ቀስ እያለ፣ ሲያወጣው የእንጨቱን ጠርዝ ጫረው፣ ምላሱን ነከሰ። እናቴ አጠገቡ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። የትኛውም ቦርሳዋ ውስጥ አልገባ ሲል በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቀፈችው። ቻርጀሩን እኔ ተሸከምኩ። ጡብ ያክላል፤ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ብቻ ነው ያለው። ለእኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሰጠኝ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም አያለሁ። ተፈታኞቹ ትንንሽ ላፕቶፖቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። የእናቴን ያህል ትልቅ ማሽን ያለው ሰው አልነበረም። መነጽር ያደረጉ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ የችሎቱ ሬጅስትራር፣ ፊት ለፊት ቆመው የአንድ ምስክር ቃል ያነባሉ፤ ስለ ተቆረጠ አጥርና ስለ ጠፋች ላም ነበር። ጣቶች ሁሉ ይሮጣሉ። የእናቴ ማሽን ያገሳል፤ ከጭኗ ወዲያና ወዲህ ተርፎ ሲወዛወዝ በጉልበቷ እየገፋች ታስተካክለዋለች። ላሟ ሳትገኝ ስክሪኑ ጨለመ።

እናቴ ተነሳች። ግድግዳውን በዓይኗ ቃኝታ ሶኬት አገኘች፤ ከበሩ አጠገብ፣ ከወለሉ ብዙም ከፍ ሳይል ነበር። እጇን ወደ እኔ ስትዘረጋ ሮጬ ቻርጀሩን ሰጠኋት። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ማሽኑን መሬት አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ ካቆመችበት ቀጠለች። ያመለጣትን በጆሮዋ ይዛው ኖሯል፤ ጣቶቿ እየሮጡ ደረሱበት። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ ኮራሁ። ሁሉንም ትተው የሚያዩት የእኔን እናት ነው።

ሲያልቅ ሬጅስትራሯ ከእናቴ ጋር ኮሪደር ድረስ መጡ። «እንዳንቺ የሚጽፍ ሰው አላጋጠመኝም» አሏት። ለእኔ ይሄ በቂ ነበር፤ መዝለል ጀመርኩ። ቀጥለው ያሉትን የሰማሁት በአንድ ጆሮ ነው። «ግን እህቴ፣ ሶኬት ፍለጋ ችሎት አይቋረጥም። እኛ በምንሄድበት ሶኬቱም የለም። ምነው ትንሽ ነገር ብትይዢ?» እናቴ ማሽኑን መልሳ በፎጣው ጠቀለለችው።

እናቴ ለሌላ ፈተና አልተቀመጠችም። ቦታው ተያዘ፤ በዓመቱ ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ አክስቴ አመጣችላት፣ እናቴ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የዚያን ጠባብ ቤት ሥራም ትታ፣ የተማሪ ጽሑፍ እየተቀበለች አባቴ በሠራው ጠረጴዛ ላይ ትተይብ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁልጊዜ ቤት አገኛታለሁ፤ ለልጅ ከዚህ የተሻለ ነገር የለምና ልጅነቴ የደስታ ነበር ብል አልዋሽም። ከአባቴ ጋር ዛሬም አብረው ናቸው። አይጣሉም። አንድ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ መንገደኞች ቦታ ይለቃቀቃሉ፣ መስኮት ልክፈት ወይ ይባባላሉ። ባለፈው ዓመት፣ በመጀመሪያ ደመወዜ፣ ቀጭን፣ ከአንድ ኪሎ የማትሞላ ላፕቶፕ ገዝቼ ወሰድኩላት። በአንድ እጇ ከጥጓ አነሳቻት፣ ክዳኗን በአንድ ጣት ከፈተች፣ ጥቂት ተየበች። ጥሩ ናት አለች። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ። «የት ይዣት እሄዳለሁ?»

የፈተናው ቀን ቤት ስንደርስ አባቴ ሳሎን ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ሥራ አልሠራም፤ ልብሱ ላይ ሰጋቱራ የለም። ከእናቴ ቀድሜ ገባሁና ሴትየዋ ራሳቸው እንደ እማዬ የሚጽፍ አላጋጠመኝም አሉ አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ደስታ እንዲህም ያደርጋል ብዬ አለፍኩት።

«አለፍሽ?» አላት።

«አላለፍኩም።»

ትከሻው ወረደ፤ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀው። ያዘነ መሰለኝ። ሐዘን አልነበረም፣ የተገላገለ ሰው ትንፋሽ ነው። እኔ ይህን ለማየት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ እናቴ ግን እዚያው ቆማ አየችው። ያቀፈችውን ማሽን ከነፎጣው ሶፋው ላይ አስቀመጠች።

«ግራጫዋ አላለቀችም» አለችው። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

አባቴ አልካደም። ወደ ጠረጴዛው ዞሮ መሮው የጫረውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ያሸው ጀመር።

«ከሄድሽ የምትመለሺ አልመሰለኝም።»

«አንድ ሳምንት ነበር እኮ። ሄጄ እመለስ ነበር።»

«አሁን ነው እንደሱ የምትይው።»

«ያኔም ብትጠይቀኝ እልህ ነበር። ያን ሁሉ ቀን እንጨት ከምትፈለፍል አንዴ ብትጠይቀኝ ምናለ?»

ነገሩ ስለ ማሽኑ ስለመሰለኝ ላስታርቃቸው ፈለግኩ። አባዬ መልሶ ቦታው ያግባው፣ ለሚቀጥለው ፈተና እንደገና እናወጣዋለን፣ ቻርጀሩን እኔ እሸከማለሁ አልኩ። አባቴ ማሽኑን ከሶፋው በሁለት እጁ አነሳ፤ ወደ ጎድጓዳው ሊመልሰው ነበር።

«ተወው» አለችው እናቴ።

ታቅፎት ቆመ። የት እንደሚያስቀምጠው ያልነገሩት ዕቃ የያዘ ሰው ይመስል ነበር። እናቴ ወንበሩን ስባ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታን በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ጀመር። አባቴ ማሽኑን ሶፋው ላይ መለሰው፣ ፎጣውን አለበሰው። እኔን አየኝ። ከዚያ በኩሽናው በኩል ወጣ፤ ወርክሾፑ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋው።